ከማሲንቆው ጋር የሚያድረው ሽሽሽታ

አጎቴ መንዝ ውስጥ ሞላሌ ገበያ ሲወጡ ከጋቢያቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ትንሽ ስፒከር አለቻቸው። መዳፍ የምታክል፣ ሚሞሪ የምትጎርስ፣ ኤፍ ኤም የምትይዝ፣ ሲመሽ አናቷ ላይ ባለችው አምፖል መንገድ የምታሳይ ናት። ጥምቀትን እዚያ ላከብር የሄድኩ ጊዜ ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝና፣ «ይቺ ነገር ታማለች። ዘፈኑ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። እስቲ እያት» አሉኝ።

ከፈትኩት። የሠርግ ዘፈን ነው፤ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሙሽራዋን ያወድሳል። ከኋላው ግን ሽሽሽ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለ። ዱቄት በወንፊት ሲነፋ፣ ወይም ነፋስ የጓሳ ሣር ላይ ሲያልፍ የሚሰማውን ይመስላል። አጎቴ በዚህ ድምፅ ተማረው የፊተኛዋን ስፒከር ለልጆች ሰጥተው ይቺን ገዝተዋል። አዲሷም ላይ ያው ዘነበ።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ለአፍታ ያቁሙትና ዝም ብለን እንስማ» አልኳቸው። አቆሙት። ዝናቡም አባራ። ስፒከሯ ጤነኛ ናት ማለት ነው፤ ዝናቡ የሚዘንበው ዘፈኑ ውስጥ ነው።

ሽሽሽታን ለማጥፋት መጀመሪያ የትውልድ ቦታውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከጆሮ በቀር መሣሪያ አያሻም። ዘፈኑ ሲቆም ሽሽሽታውም ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂው ውስጥ አለ። ዘፈኑ ቆሞ እሱ ከቀጠለ ቮልዩሙን ዜሮ ላይ ያድርጉት። እዚያም ሳይቀንስ ከተሰማ የመሣሪያው የራሱ አምፕሊፋየር ነው። ከቮልዩሙ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ከቮልዩሙ በፊት ካለ ነገር፣ ለምሳሌ ከሬዲዮው ወይም ከጃኩ ገመድ የመጣ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ ርካሽ ቻርጀሮችና አንዳንድ የሶላር መቆጣጠሪያዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ቮልዩሙን ስናዞር ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ሽሽሽታም አይደለም፤ መዞሪያው ውስጥ የገባ አቧራ ነው፣ ጽዳት ይበቃዋል።

የአጎቴ ዘፈን ከካሴት ወደ ሚሞሪ የተጫነ ነው። ካሴትን የሆላንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ለዓለም ሲያሳየው ይበልጥ የታሰበው ለንግግር መቅረጫ ነበር። ክሩ ወርዱ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሰከንድ የሚጓዘውም 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የስቱዲዮው ትልቁ ሪል በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ይሮጥ ነበር። በዚህች ጠባብ ክር ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ነው፤ በቀላሉ ካልነው ዝገት። እያንዳንዱ ብናኝ ትንሽ ማግኔት ነው፣ ምንም ባልተቀረጸበት ክር ላይም ማግኔቶቹ ወዲያና ወዲህ ተመሰቃቅለው ይገኛሉ። የቴፑ ሄድ ያንን ምስቅልቅል ሳይቀር ያነበዋል፤ ሽሽሽ የሚለው እሱ ነው። ክሩ ሰፋ ብሎ ፈጠን ሲል ብዙ ብናኝ ባንድ ጊዜ ስለሚነበብ ምስቅልቅሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ካሴት ደግሞ ጠባብም ዘገምተኛም ነው።

መፍትሔ አልተገኘለትም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ዶልቢ ቢ ሲቀረጽ ደካማዎቹን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ ያደርጋል፣ ሲጫወት መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ አብሮ ሽሽሽታውም እስከ 10 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ይህ የሚሠራው ግን ሲቀረጽም ሲጫወትም ዶልቢው ሲኖር ነው። የሠርግ ድንኳን ውስጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ይዞ የቀረጸ ሰው ይህ አልነበረውም። ከዚያም ካሴቱን ጎረቤት ይዋሳል፣ ይገለብጠዋል፤ ከግልባጩ ሌላው ይገለብጣል። በያንዳንዱ ግልባጭ የአዲሱ ክር ሽሽሽታ በአሮጌው ላይ ይደመራል። እኩል የሆኑ ሁለት ሽሽሽታዎች ሲደመሩ ኃይሉ እጥፍ፣ በዴሲቤል ደግሞ 3 ይጨምራል። አራተኛው ሰው እጅ ሲደርስ አዝማሪው ከወንፊት ኋላ ይዘፍናል።

ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ከሸክላ የተገለበጠ ሲሆን ድምፁ ሽሽሽ ሳይሆን ቅጭ ቅጭ ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ነበሩ። አንድ ዙር 1.33 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የምትሰሙት የጥላሁን ወይም የዓለማየሁ እሸቴ የጥንት ዘፈን ላይ ቅጭታው በዚያ ልክ እየተመላለሰ ከመጣ መርፌው በአንድ ጭረት ላይ እየዞረ ነው። ጭረቱ የአንድ ሰው ቤት ሸክላ ላይ ከዓመታት በፊት የተጫረ ነው፤ እኛ ዛሬ በስልክ እንሰማዋለን።

ወደ አጎቴ ዝናብ ልመለስ። ዘፈኑን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ያስጫኑበት ቤት ቅሬታቸውን ሰምቶ «አጽድቼዋለሁ» ብሎ ሌላ ቅጂ ሰጥቷቸው ነበር። እሱንም ከፈትኩት። ሽሽሽታው በእርግጥ የለም፤ ማሲንቆውም የለም። ትሬብሉን እስከ ታች ጠርጎታል። ነገሩ አናደደኝ፤ ምክንያቱም ብዙ የአገራችን ቅጂ እንዲህ ነው የሚበላሸው። ማሲንቆ አንድ ጅማት አለው፤ ጅማቱም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ናቸው። ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ፣ ያ ልብ የሚቧጥጠው ነገር፣ የሚኖረው ሽሽሽታው በሚኖርበት ከፍታ ነው። አማርኛችንም እዚያው ነው። ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ጨ የሚባሉትን ፊደሎች ጥርስና ምላስ ሲያወጧቸው የሚሰማው ፉጨት ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል ይከማቻል። ትሬብሉን ስንቆርጥ «ሸማ» እና «ሰማ» ይመሳሰላሉ። አዝማሪ ደግሞ ሰምና ወርቁን የሚደብቀው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው።

መሣሪያው ራሱ የሚያወጣው ሽሽሽታ ግን ሌላ ነው። ዘፈን ሳይኖር በማዳመጫ የሚሰማው የኤሌክትሮኖች መተራመስ ነው። ጆን ጆንሰን እና ሃሪ ናይኲስት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሙቀት ያለው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ተሸካሚ በውስጡ ይህን ድምፅ ያመነጫል። ሙቀት ከሆነ ታዲያ የመንዝ ብርድ ዝም አያሰኘውም? አስልቼ አይቼዋለሁ። ልኬቱ የሚጀምረው ከፍጹማዊው ዜሮ ስለሆነ፣ ውርጭ በወደቀበት የሞላሌ ሌሊትና 35 ዲግሪ በሚሆን የአዋሽ ቀትር መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ጆሮ አይለየውም። ብርዱ የሚጎዳው ድንጋዩን ነው፤ እረኞች ጠዋት ጠዋት የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት በከንቱ አይደለም።

ለመሣሪያው ሽሽሽታ መድኃኒቱ የቮልዩም አመጣጠን ነው። ስልክን በገመድ ከስፒከር ጋር ስናገናኝ ብዙዎቻችን ስልኩን ዝቅ፣ ስፒከሩን ከፍ እናደርጋለን። ስፒከሩ ያኔ ደካማውን ዘፈን ከስልኩ ሽሽሽታ ጋር አብሮ ያጎላዋል። መገልበጥ ነው፦ ስልኩ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ከፍ፣ ስፒከሩ ዝቅ። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ማዳመጫዎች በጥቂት ኃይል ስለሚጮሁ ትንሿን ሽሽሽታም ያሳያሉ። ገመዳቸው ላይ መቀነሻ ያላቸው ማዳመጫዎች አሉ፤ መቀነሻውን ዝቅ አድርጎ የተጫዋቹን ቮልዩም ከፍ ማድረግ ዘፈኑን ከሽሽሽታው በላይ ያወጣዋል።

ሬዲዮው ላይ ከሆነ ነገሩ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፣ ፊት ለፊት ያለውን ያያል፤ የመንዝ ምድር ደግሞ ሜዳው በገደል የተቆራረጠ ነው። አፋፉ ላይ ጥርት ብሎ የተሰማ ጣቢያ ሸለቆው ውስጥ ወንፊት ይሆናል። ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ መቀየር ደካማ ጣቢያ ላይ ሽሽሽታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ስልኮች ደግሞ የማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ስለሚጠቀሙበት ገመዱን መዘርጋት ይረዳል። በአጭር ሞገድ የዶቼ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ሲያሳድዱ ያደጉ ሰዎች የሰማዩን ሽሽሽታ ያውቁታል። ካርል ጃንስኪ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አጭር ሞገድ ላይ የሚሰማ አንድ ሽሽሽታ ከየት እንደሚመጣ ሲከታተል ምንጩን ያገኘው በፍኖተ ሐሊብ፣ በከዋክብቱ መሐል ነው። ለዚህኛው ጥገና የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በገና ሲደረደር የሚሰማውን ዝዝዝታ ማንም እንዳያጸዳው። የበገና 10 ጅማቶች ከስራቸው ቁራጭ ቆዳ የሚደረግላቸው ሆን ተብሎ ያ ድምፅ እንዲወጣ ነው። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቅጂ ሰምቶ «ስፒከሬ ተቀደደ» ያለ ሰው አውቃለሁ።

አጎቴን ዋናው ካሴት የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። በፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን አናት ላይ ተገኘ። ክሩ ላልቷል፤ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። የቴፑን ክዳን ከፍቼ ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት፤ ጥጡ እንደ ቡና ጠቆረ። የአዝማሪው ድምፅ እንደ ታፈነ ስለነበረ ከሄዱ ጎን ያለችውን ባለ ስፕሪንግ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ፤ መፍቻው ማግኔት እንደሌለው አስቀድሜ አይቻለሁ፣ ማግኔት የያዘ ሄድ ራሱ ሽሽሽታ ይጨምራልና። ሩብ ዙር ሳይሞላ የደጋኑ ፍትጊያ ጥርት ብሎ ወጣ። አጎቴ ቀና አሉ።

ከዚያ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ጀመርኩ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ዘረጉ። ካሴቱ መጀመሪያ ላይ ዘፈን የሌለበት ጥቂት ሰከንድ አለ፤ ሁልጊዜ የሚያሳልፉት እሱን ነው። «ጋሼ፣ እሱን አያሳልፉት» አልኳቸው። ሽሽሽታ የሚያነጥረው ፕሮግራም ምን መቀነስ እንዳለበት የሚማረው ሽሽሽታው ብቻውን ከሚሰማበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከሌለ ማሲንቆውን ከዝናቡ አይለየውም። እጃቸውን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ፤ ሁለታችንም አዝማሪው እስኪጀምር ባዶውን ክር አዳመጥን።