ሸክላው፣ መርፌውና የሙዚቃ ወዳጆች ክርክር

ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ ክርክር አይጠፋም። አንዱ የጥንቱን የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያነሣል፤ ሁለተኛው የዛሬዎቹን ወጣቶች ያወድሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዘፋኙን ትቶ ስለ ድምፅ ማጉያው ይጨነቃል። ነገሩ የተጀመረው በቡና ሰዓት እንደ ሆነ ቡናው በሲኒው ውስጥ ይበርዳል። ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ጆሮ የሚሠለጥነው በመስማትና በሰሙት ነገር በመወያየት ነውና። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠት በፊት ማስረጃውን መመርመር ይገባል።

በቅርቡ ሁለት ወዳጆቼ ስለ አንድ የቆየ ዘፈን ተሟገቱ። አንደኛው «ዘፋኙ በወጣትነቱ ድምፁ ቀጭን ነበር» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ወፍራም ነበር» ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም የሚምሉት በገዛ ጆሮአቸው ነው። እውነቱ የታወቀው ሁለተኛው ሰው ከአባቱ ቤት ሸክላውን አምጥቶ ባጫወተው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በስልኩ የያዘው ቅጂ ከካሴት የተገለበጠ ኖሮ፣ ካሴቱን ያጫወተው መሣሪያ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይዞር ስለ ነበር ዘፈኑን አጣድፎ ድምፁንም አቅጥኖታል። እንግዲህ ዘፋኙ ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ ከርሟል ማለት ነው።

ሸክላ ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይዞርም። የጥንቱ በደቂቃ 78 ጊዜ፣ ትንሹ 45 ጊዜ፣ ትልቁ ደግሞ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። የ78ቱ ቦይ ሰፊ በመሆኑ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል። የተሠራውም ሼላክ ከሚባል ሙጫ ስለ ሆነ በአልኮል መወልወል የለበትም፤ አልኮል ሙጫውን ያሟሟዋልና። መርፌው እንዳይዘል ብለው በክንዱ ላይ ሳንቲም የሚጭኑ ሰዎችም አሉ። ይህ ዘፈኑን ለአንድ ቀን ሲያስተካክል ቦዩን ለዘለዓለም ይፍቀዋል። ሸክላን በጠርዙ መያዝ፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከፀሐይ አርቆ ማቆም እንጂ አጋድሞ አለመከመር፣ ያረጀ መርፌንም በጊዜው መለወጥ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። በስልክ የሚሰማም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው ሲላክ በየጊዜው የታመቀ ቅጂ ከድምፁ እየጎደለ እንደሚሄድ ይወቅ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? በነዚህ ሸክላዎች ላይ ያለው የአገር ታሪክ ስለ ሆነ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀድተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፎ፣ የሸክላ ማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 በድፍረት የራሱን የሸክላ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላዎቹን በውጭ አገር እያስተማ ጥቂት በማይባሉ ዓመታት ሳይሆን በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ በላይ አወጣ። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ ሙዚቃ ጸጥ አለ፤ አምሃም በ1975 ከአገር ወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እነዚህን ድምፆች መልሶ ለዓለም ባያሰማ ኖሮ፣ ብዙዎቹ በየሣጥኑ ተረስተው በቀሩ ነበር።

ዳሩ ግን አንድ ጉድለት አለ። በትንሹ ሸክላ ላይ የዘፋኙ ስም በጉልህ ሲጻፍ፣ ሳክስፎን የነፋው፣ ከበሮ የመታውና ጊታር የተጫወተው ሰው ስም ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። ይህን የሚያውቁት በሕይወት ያሉት አዛውንት ሙዚቀኞች ናቸው። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 አርፈዋል። የቀሩት እስኪያልፉ ድረስ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ዜማውን ይዘን ባለቤቱን እንጥላለን።

ስለ ኮንሰርትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት በአዳራሹ የነበረ ሰው የሰማውን በማስታወሻው ጽፎ እንደ ሆነ፣ ያ ወረቀት ዛሬ ውድ ቅርስ ነው። ስለዚህ ወደ ኮንሰርት የሚሄድ ወጣት የመግቢያውን ትኬት አይጣል። በጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጫዋቾቹን ስም ይጻፍበት። በአዳራሹም ከድምፅ ማጉያው አፍ ሥር መቆም ትልቅ መስማት መስሎ የሚታየው ሰው ተሳስቷል፤ ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ የቆመ የመሣሪያዎቹን ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ ጆሮውንም ያተርፋል።

እንግዲህ ተማሪም ሆነ የቢሮ ሠራተኛ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲሄድ ከቁም ሣጥኑ በታች ይመልከት። ሸክላ ካገኘ አቧራውን ይጥረግ፤ ከዚያም አባቱን ወይም እናቱን «ይህን የተጫወቱት እነማን ነበሩ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይጻፍ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥል፤ ያን ጊዜ ግን ማስረጃ ያለው ክርክር ይሆናል።