የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ የዕቃው ባለቤት

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍል አንድ ተማሪዬ እስክሪብቶ አልቆበት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። «ቲቸር፣ ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» አለኝ። ሰጠሁት። ሊለኝ የፈለገው «ያውሱኝ» ነበር፤ ግሡ ግን «መዋስ» ሆኖ ቁጭ አለ። «ሌንድ» ማለት ነበረበት።

ማስተማር ስጀምር «ቦሮው፦ መበደር፤ ሌንድ፦ ማበደር» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፍ ነበር። ተማሪው ይገለብጣል፤ በማግስቱ ያንኑ ይሳሳታል። ጉድለቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አማርኛ ሰጪውንም ተቀባዩንም ከአንድ ሥር ያወጣል፦ አበደረ፣ ተበደረ፤ አዋሰ፣ ተዋሰ፤ አከራየ፣ ተከራየ። ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ የሚለውን የምትነግረን ከፊት ያለችው «አ» ወይም «ተ» ናት። እንግሊዝኛ ግን በመልክ የማይመሳሰሉ ሁለት ግሦች አስቀመጠ። ጆሯችን የለመዳትን ፊደል ሲያጣ አንዱን ግሥ ለሁለቱም ያውለዋል። እንግሊዝኛ ራሱም በኪራይ ላይ እንዲሁ ነው፤ «ሬንት» ማከራየትም መከራየትም ይሆናል።

የሰሌዳዬ ትርጉምም ግማሽ ነበር። እኛ ገንዘብ እንበደራለን፣ መጽሐፍ እንዋሳለን። የተበደርነውን መቶ ብር አጥፍተን ሌላ መቶ ብር እንመልሳለን፤ የተዋስነው መጽሐፍ ግን ራሱ ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚደነግገው። «ቦሮው» ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ከባንክ ብር የወሰደውም፣ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የወሰደውም እኩል «ቦሮው» አድርገዋል።

ዛሬ መፍትሔውን የማወጣው ከራሳችን ሰዋስው ነው። ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት» እንለዋለን፤ ዕቃው የእሱ የሆነውንም «ባለቤት» እንለዋለን። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የዕቃውም ባለቤት ከሆነ ግሡ «ሌንድ» ነው። የዕቃው ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ «ቦሮው» ነው። እስክሪብቶው የእኔ፣ የጥያቄው ባለቤትም «ዩ»፣ ማለትም እኔ፤ ስለዚህ «ሌንድ»። ተማሪው «ካን አይ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ «ቦሮው» ልክ ይሆንለት ነበር።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንግሊዝኛ ስናስተምር አማርኛውን ከክፍል አናስወጣው። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ ማረሚያውም የሚገኘው እዚያው ነው።