«ነፃ» የመረጃ ቋት እስከ ምን ድረስ ነፃ ነው?

የተማሪዎችን ውጤት በኢንተርኔት ላይ በሚሠራ የመረጃ ቋት ለመያዝ የሚያስብ መምህር ሁሉ፣ ከመጀመሩ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሒሳብ ቢሠራ ይበጀዋል።

በካምፓላ፣ ከማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በምትገኘው ዋንዴገያ፣ ከአንድ መምህር ወዳጄ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነበር። የ140 ተማሪዎች ውጤት በኤርቴብል ሊመዘግብ አስቧል። ለእያንዳንዱ ተማሪ በየትምህርቱ አንድ ረድፍ ቢሰጥ፣ 140 በ8 ሲባዛ 1,120 ረድፍ ይሆናል። በ2024 እ.ኤ.አ. ነፃው ደረጃ በአንድ ቋት የሚፈቅደው ግን 1,000 ብቻ ነበር።

የሚከፈልበት ተከታዩ ደረጃ 50,000 ረድፍ ይይዛል። ዋጋው የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል በወር 20 ዶላር ሲሆን፣ የሚታሰበው በትምህርት ቤት ሳይሆን መዝገቡ ላይ በሚጽፍ ሰው ቁጥር ነው። ሦስት መምህራን ውጤት ቢያስገቡ በዓመት 720 ዶላር ማለት ነው። ለማንበብ ብቻ ለሚገባ አይከፈልም።

ለእኔ ከረድፍ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት የሚቻለው በነፃው ለሁለት ሳምንት፣ በሚከፈልበት ለአንድ ዓመት ነው። ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያቀርበው ከወር በኋላ ነው።

ወዳጄ ላለመክፈል ወሰነ። ትምህርቶቹን በዓምድ ደርድሮ ለአንድ ተማሪ አንድ ረድፍ ሰጠ፤ 1,120 የነበረው 140 ሆነ። ባለሙያዎች ይህን አደራደር ብዙም አይወዱትም፤ ትምህርት በተጨመረ ቁጥር ሰንጠረዡን መቀየር ያስፈልጋልና። ለቅሬታውም ዘወትር ዓርብ የመዝገቡን ግልባጭ አውርዶ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጣል።