ክሩ ይቅደም፦ ባለ ብዙ ጥበብ ሸማ በዶርዜ ሲታዘዝ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ያወጣል። ታች የአባያና የጫሞ ሐይቆች፣ ሙዝና ማንጎ፤ ላይ ጉም፣ እንሰት፣ ቀርከሃና ገብስ። ዶርዜዎች የሚኖሩት በዚህ ደጋ ነው። በሽመና ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ሕዝብ ጥጥ በማያበቅል ብርዳማ ምድር መኖሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጥጡ ከቆላ ይወጣል። በልማዱ ሴቶቹ ፍሬውን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ልቃቂት ያደርጉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ሸማኔው ከአንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርዳል፤ ከታች ያሉትን መርገጫዎች ባፈራረቀ ቁጥር የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከሉ መወርወሪያው ያልፋል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የዚህን እጅ ሥራ በነጠላና በቀሚስ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ዓይነት ጥበብ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተደጋገመ። እዚህ የማስተዋውቀው ግን ከዚያ የከበደውን ነው፦ ብዙ ዓይነት ጥበብ በተከታታይ የተጠለቀበትን ሸማ። ለአልጋ ልብስ ወይም ለግድግዳ የሚሆን፣ አንዱ ረድፍ መስቀል፣ ሌላው ጥርስ መሳይ እጥፋት፣ ሌላው ጎን ለጎን የተሰለፈ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ጨርቅ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ስልኩ ላይ ካለ ፎቶ ነው፤ ከዚያ ስለ ቀለም ያወራል፤ ክር የሚባለው ነገር ከተነሣ መጨረሻ ላይ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ዲዛይኑ ጨርቁ ላይ ምን መልክ እንደሚኖረው የሚወስነው ክሩ ነው።

ከድሩ እንነሣ። ድር በሥራው ጊዜ ሁሉ ተወጥሮ የሚቆይ፣ ሲነሣና ሲወርድ እርስ በርሱ የሚፋተግ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግምዱ ላላ ያለ ስለሆነ ይህን ፍትጊያ በቀላሉ አይችልም፤ ይበጠሳል። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ለድር የሚዘረጋው የፋብሪካ ክር ነው። የእጁ ፈትል ለማግ ይቀራል፤ ለጋቢ ልስላሴውንና ሙቀቱን የሚሰጠው ይኸው ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚከብድ ልብስ ስለሆነ ክሩ እዚህ ወፍሮ እዚያ ቢቀጥን ጌጡ ነው እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ለውስብስብ ጥበብ ግን ይኸው ውበት ጠላት ይሆናል። ማጉ በወፈረበት ረድፍ ዲዛይኑ ይረዝማል፣ በቀጠነበት ያጥራል፤ አራት እኩል ጎን እንዲኖረው የታሰበው ቅርጽ ይንጋደዳል። ስለዚህ ብዙ ጥበብ ለሚጫነው ሸማ መነን የሚሉትን፣ በፋብሪካ ክር የሚሠራውን ወጥ ጨርቅ መምረጥ ይቀላል። የእጅ ፈትል የግድ ይሁን የሚል ሰው ደግሞ ከአንዲት ፈታይ እጅ የወጣ፣ ለጠቅላላው ሥራ የሚበቃ ልቃቂት በአንድ ጊዜ ይግዛ። ከሁለት ፈታዮች የመጣ ፈትል ቢመሳሰልም አንድ አይሆንም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 15 የድር ክር ያለበት፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ እናስብ፤ በድምሩ 1,200 ድር ነው። ዲዛይኑ 24 ድር የሚይዝ ከሆነ 50 ጊዜ ተደጋግሞ በትክክል ያልቃል። 28 ድር የሚይዝ ከሆነ ግን 42 ጊዜ ተደግሞ 24 ድር ይተርፋል፤ ሸማኔው 12ቱን በቀኝ 12ቱን በግራ ባዶ ጠርዝ አድርጎ ካልከፈለው በስተቀር በአንዱ ዳር የተቆረጠ ቅርጽ ይቀራል። ቁመቱስ? ማጉ ወፈር ብሎ በሴንቲ ሜትር 12 ረድፍ ብቻ ከገባ፣ በወረቀት ላይ 24 በ24 የተሣለው ካሬ 1.6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይዞ ይወጣል። ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ልምድ ያለው ሸማኔ ይህን ቁጥር ሳይጽፍ በዓይኑ ያርማል፤ ከሌላ ሰው ጨርቅ በተነሣ ፎቶ የታዘዘ ዲዛይን ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ግን እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የጥበቡ ክር አለ። ድሮ ባለቀለም ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የአገራችን ሸማኔዎች ከውጭ የመጣ የሐርና የጥጥ ጨርቅ ፈትተው ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። ዛሬ ገበያው ሞልቷል፤ ምርጫው ነው የከበደው። በኬሚካል ተነክሮ ያበራ የጥጥ ክር ከመደቡ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ አብሮት ይታጠባል፣ አብሮት ይተኮሳል። ሬዮን የሐር ዓይነት አንጸባራቂነት አለው፤ ሲርስ ግን ጥንካሬው ይቀንሳልና እያሹ ማጠብ አይወድም። አክሪሊክ ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትኩስ ካውያ አይችልም፣ ውሎ አድሮም ፀጉር ያበቅላል። ወርቀ ዘቦው ደግሞ ለሠርግ ቀሚስ የተሠራ ይመስል ያምራል፤ በየቀኑ ለሚነካ አልጋ ልብስ ግን አልመክረውም፤ ይሻክራል፣ እሳትም አይወድም።

ከሁሉ የሚብሰው ማጠር ነው። የጥጥ ሸማ፣ በተለይ የእጅ ፈትል ያለበት፣ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። አክሪሊኩ አይሰበሰብም። መደቡ ሲያጥር ጥበቡ ባለበት ስለሚቀር ጨርቁ ይጨማደዳል፤ በካውያም አይቃናም። በአንድ ሸማ ላይ ብዙ ረድፍ ጥበብ ሲኖር ይህ ጉዳት ይባዛል። ቀለም መልቀቅም እንዲሁ ነው። የዶርዜዎች ወገን የሆኑት ጋሞዎች የሚኮሩበት ባህላዊ ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ቀዩና ጥቁሩ ከነጭ ጎን ሲቀመጡ እንደሚያምሩ ሁሉ ከለቀቁ ነጩን ያበላሹታል። ክሩን በሞቀ የሳሙና ውኃ አርሶ በነጭ ጨርቅ መካከል ተጭኖ ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ሳይደረግ የሚታለፍበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ቀላሉ ተራ ጥለት ነው፦ ባለቀለሙን ክር በመወርወሪያው አስገብቶ ከዳር እስከ ዳር መወርወር። ፈጣን ነው፤ መስመር እንጂ ቅርጽ አይወጣውም። ጥበብ ሲሆን ሸማኔው የተፈለጉትን ድሮች በጣቱ ወይም በስስ እንጨት ለይቶ ያነሣል፣ ባለቀለሙን ክር ከሥራቸው ያሳልፋል፣ ከዚያ ተራውን ማግ ወርውሮ ያጠብቀዋል። እያንዳንዱ ረድፍ እንደገና ይቆጠራል። አንድ ድር ከተሳሳተ ስሕተቱ የሚታየው ምናልባት ከአሥር ረድፍ በኋላ ነው፤ ማረሚያውም መፍታት ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ የዲዛይኑን ድሮች አስቀድሞ ለብቻቸው በተጨማሪ ክሮች አስሮ ማስቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱን እስር በማንሣት ሙሉው ረድፍ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ተመሳሳይ ዲዛይን ደጋግሞ ለሚሠራ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግማሹን ሠርቶ ሌላውን ግማሽ በተገላቢጦሽ ስለሚያነሣም የአንድ መስቀል ላይኛውና ታችኛው ክፍል በተመሳሳይ እስሮች ይወጣል። ለእኛ ሸማ ግን ዲዛይኑ በየረድፉ ስለሚለወጥ እስሩን በየጊዜው መፍታትና ማሰር ከቆጠራው የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። አስታራቂው መንገድ እንደሚመስለኝ ደጋግሞ የሚመጣውን ማለያያ ጥለት በእስር፣ የየረድፉን ልዩ ጥበብ ደግሞ በእጅ ቆጠራ መሥራት ነው።

የጀርባው ነገርም በዚሁ ይወሰናል። ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው በጀርባ እየዘለለ ከሄደ ሥራው ይፈጥናል፤ ግን የተንጠለጠለው ክር ጣትና ጌጣጌጥ ይይዛል። በየቅርጹ ዳር እየታጠፈ ከተመለሰ ጀርባው ንጹሕ ይሆናል፣ ክርም ይቆጥባል፣ ጊዜ ግን ይበላል። ሁለት ፊቱ ለሚታይ ጨርቅ ሁለተኛውን፣ ገበር ለሚገባለት የመጀመሪያውን መምረጥ በቂ ነው። ከሽመና በኋላ በመርፌ ወይም በመኪና የሚጠለፈው ጥልፍ ሌላ ሙያ ነው፤ ክቡር ሙያ ነው፤ ግን በጥበብ ስምና ዋጋ ሊሸጥ አይገባም። ጨርቁን ገልብጦ ያየ ሰው ልዩነቱን አይስተውም፤ የጥበቡ ክር በማግና በማግ መካከል ተኝቶ ይታያል፣ የጥልፉ ክር ግን ጨርቁን ወግቶ ያለፈ ነው።

ብዙ ዲዛይን በአንድ ጨርቅ ላይ የመሰብሰብ ፍላጎት የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ጄን ስቲክል የተባለች ሴት በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ከ5,602 ቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠመችው አልጋ ልብስ ዛሬ በቤኒንግተን ሙዚየም አለ። ኩዊልት ይሉታል። ከመካከለኛዎቹ 169 ካሬዎች እያንዳንዱ ሌላ ዲዛይን ነው። በዚያ ሁሉ ልዩነት ውስጥ ዓይን የማይደክመው ካሬዎቹ ሁሉ እኩል መጠን ስላላቸውና ነጩ ጨርቅ በየቦታው ስለሚመለስ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ነጩ መደብ ነው። በሁለት ጥበብ መካከል ቢያንስ የጥበቡን ቁመት ያህል ነጭ ካልተተወ ረድፎቹ ይጋፋሉ። ቀለሙንም በሦስት ወይም በአራት መገደብ ይሻላል፤ ዲዛይኑ ሲበዛ ቀለሙ ማነስ አለበት።

ሌላው ከባድ ነገር መጋጠሚያው ነው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የጨርቁ ወርድ ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ አልጋ ልብስ ሁለት ወይም ሦስት ሸማ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የሚሠራው፤ በግራው ላይ ያለው የመስቀል ረድፍ ከቀኙ ረድፍ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ሰው ጠዋትና ማታ በአንድ ኃይል አይመታም፤ በሜትር ለክተው ያቆሙት ረድፍ ስለዚህ ይዛነፋል። የሚያዋጣው ረድፍ መቁጠርና፣ ሁሉንም ሸማ በአንድ ድር ላይ፣ በአንድ ሸማኔ፣ በተከታታይ ማሠራት ነው። ሥራውን ለማፋጠን ግማሹን ለሌላ ሰው መስጠት እዚህ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚፈተንበት ቀላል መንገድ አለ። ድሩ ሲዘረጋ ሁለት ክንድ ያህል ጨምሮ ማስዘርጋት ነው፤ የተጨመረውን ድር ዋጋ አሠሪው ይከፍላል። በዚያ ላይ የታሰቡት ዲዛይኖች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይተኮሳሉ። የሚጨማደደው፣ የሚለቀው፣ የሚንጋደደው ያኔ ይታወቃል፤ ዋናው ሥራ ገና አልተነካም። ሸማኔው ደግሞ አንድ ረድፍ ጥበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት በእጁ ያውቃል፤ ዋጋውም በግምት መሆኑ ቀርቶ በዚህ ላይ ይቆማል።

ዋጋውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሰፍረው አዲስ አበባን ከነአውራጃዋ አልብሰዋል፤ ለዘመናት ግን በዚሁ ሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ደግሞ የጥበቡን መልክ በማተሚያ የቀዳ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ገበያቸውን ተሻምቷል። ከዚህም የከፋ አለ፦ ከጋሞ ቀበሌዎች ሕፃናት ትምህርት ታገኛላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፣ ሽመና ላይ ሌት ተቀን የተቀመጡበት ታሪክ የታወቀ ነው። ውስብስብ ጥበብ በማይታመን ርካሽ ዋጋ ሲቀርብ ከእነዚህ ሁለት አንዱ ከጀርባው ሊኖር ይችላልና ማን እንደሠራው መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። ሸማኔውን ቤቱ ሄዶ ማየት ከሁሉ ይሻላል፤ በዶርዜ ገበያ ቀን፣ ሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ፈትሉንም ሰዎቹንም ማግኘት ይቻላል።

ቀጠሮው ላይ ግን የመስቀልን በዓል ያስቡ። በከተማ ካሉት የጋሞ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ለመስቀል ወደ ደጋው ይመለሳሉ፤ በዚያ ሰሞን ተወጥሮ የተተወ ድር ይላላል፣ ሲመለሱበትም ምቱ ይለያል። ትልቅ ሥራ ከበዓሉ በፊት እንዲያልቅ ወይም ከበዓሉ በኋላ እንዲጀመር መስማማት ይበጃል። ጨርቁ ከድሩ ተቆርጦ ጫፉ ከተቋጨ በኋላ የምትቀረው የሙከራ ቁራጭ ለሸማኔው ትሰጥ እላለሁ፤ ድሩን የከፈለው አሠሪው ቢሆንም፣ በላይዋ ያሉትን ዲዛይኖች ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚያሳየው፣ ለልጁም የሚያስቆጥረው እሱ ነው።