ሻጋታው በየት በር ገባ?

ጠጋ በሉ፣ ጮክ ብዬ የማላወራው ነገር አለ። ቲሹ ካልቸር ክፍል የገባ እንግዳ የሚያየው ነጭ ጋዋንና በየብልቃጡ የቆመ አረንጓዴ ቀርከሃ ነው። የማጠቢያውን ክፍል አሳዩኝ ያለ ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም። ባይጠይቁም ደግ ነው! ነጭ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ የወረሳቸው ብልቃጦች የሚደበቁት እዚያ ነው። ክዳናቸው ሳይከፈት መጀመሪያ ይቀቀላሉ፣ ከዚያ ይታጠባሉ። የከፈተ ሰው ክፍሉን በሙሉ ይበክላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የደጋ ቀርከሃ የሚያብበው በብዙ ዓመት አንዴ ነው፤ አብቦም ይሞታል። ዘሩን የጠበቀ ዕድሜው ያልቃል። ስለዚህ አንጓውን ቆርጠን ማብቀያ ላይ እናስቀምጠዋለን። በሊትር 30 ግራም ስኳር ያለበት ማብቀያ! ሻጋታ እንዲህ ያለ ድግስ ሲያገኝ ጥሪ አይጠብቅም።

ተጠርጣሪዎቹን ላሳያችሁ። አርሲ ስለሆንን ሰው መጀመሪያ የሚያማው ዋግን ነው። ንጹሕ ነው! ዋግ ሕያው ስንዴ ካላገኘ አያድግም፤ የእኛን ብልቃጥ ይንቃል። የሚገቡት ተራዎቹ ናቸው፤ አስፐርጊለስ፣ ፔኒሲሊየም፣ ፉሳሪየም።

ማብቀያውን በእንፋሎት የሚቀቅለው አውቶክሌቭስ? እዚህ ጋ ሳቅ አለ። መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል። የጻፈው ሰው የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ነው! አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የግፊት መለኪያው መርፌ 15 ላይ ሲቆም ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ ይጎድላል። አዋቂዎቹ የሚያምኑት ቴርሞሜትሩን ነው። ግን በዚህ ጉድለት የሚተርፉት ሙቀት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሻጋታ በዚያም ይሞታል። ካላመናችሁ ምንም ያልተተከለበት ብልቃጥ ለሳምንት አስቀምጡ። ንጹሕ ከሆነ ማብቀያው ነጻ ወጣ።

እጅስ? በ70 በመቶ አልኮል ታሽቷል። 95 ይሻላል የሚል አዲስ ሰው ሁሌ አይጠፋም፤ ውሃ ሲቀላቀልበት ነው ዘልቆ የሚገድለው።

እንግዲህ ማን ቀረ? ራሱ ቀርከሃው! አንጓው ላይ ያለችውን እምቡጥ የሚሸፍነው ደረቅ ልባስ የሻጋታ ብናኝ አቅፎ ይገባል። አንዳንዱ ሻጋታማ ግንዱ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ አንጓውን የምናጸዳበት በረኪና አይደርስበትም። በረኪናውን ብታበዙት እምቡጧ ጠቁራ ትሞታለች፤ ብልቃጡ ግን ንጹሕ!

መፍትሔው ከላቦራቶሪው ውጭ ነው። እናት ተክሏን ዝናብ ከማይመታት ቦታ አኑሯት፤ ውሃ ከሥሯ እንጂ ከላይዋ አታፍስሱ። ከመቁረጥ በፊት ፀረ ፈንገስ ይረጭባት። በክረምት አትቁረጡ፤ ታኅሣሥና ጥርን ጠብቁ። ልባሱን ገፍፋችሁ እጠቡ።

የሚያስቀው የግዢ ጥያቄው ነው። ውድ ኬሚካል ስትጽፉ ፊርማው ቶሎ ይወርዳል። ለእናት ተክሏ የላስቲክ ጣሪያ ስትጠይቁ ግን «ይሄ ከላቦራቶሪ ጋር ምን አገናኘው?» ትባላላችሁ። እናንተ መልሱን ታውቃላችሁ፤ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ ብቻ።