ለጾም ቀን ሻይ የሚስማማ የእስያ ጣፋጭ

በአንድ ረቡዕ ቀን፥ ከ9 ሰዓት በኋላ፥ ከዱባይ የመጣ ዘመዳችን ያማረ ሣጥን ይዞልን ገባ። በውስጡ ስኳር የጠጡ ድቡልቡል የህንድ ጣፋጮች ነበሩበት። ሻዩ ተቀድቶ እጃችንን ስንዘረጋ እናታችን «ለመኾኑ ምን ገብቶበታል?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ጠፋ። ሣጥኑም ተመልሶ ተከደነ፤ እኛም ነገሩን ለመመርመር የተነሣነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ያ ጣፋጭ ጉላብ ጃሙን ይባላል። የሚሠራውም ፈልቶ ፈልቶ ከጠጠረ ወተት ሲኾን፥ ከተጠበሰ በኋላ በስኳር ውሃ ይነከራል። የህንድ ጣፋጭ አብዛኛው በወተትና በነጠረ ቅቤ የቆመ ነው፤ ሻያቸውም ቢኾን የሚፈላው ከወተት ጋራ ነው። ከእነርሱ ወገን ለጾም የሚቀርበን እኛ ሳምቡሳ የምንለው ሳሞሳ ነው፤ ይኸውም ድንችና አተር ተሞልቶ በዘይት ከተጠበሰ ነው።

ቻይናውያን በመኸር በዓላቸው የሚበሉት የጨረቃ ኬክ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። በመካከሉ ብዙ ጊዜ በጨው የቈየ የዳክዬ እንቍላል አስኳል አለበት፤ በጥንቱ አሠራር የዐሣማ ስብ የሚገባበትም አለ። ስለዚህ በፍስክ ቀን እንኳ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

እጅግ ያስደነቀን የጃፓኖች ዮካን ነው። ስሙ በተጻፈበት ፊደል ሲተረጐም «የበግ ሾርባ» ማለት ነው! ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሾርባው ከቻይና ሲመጣ ሥጋ የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት በሥጋው ፈንታ ጥራጥሬ አገቡበት፤ ውሎ አድሮም ጣፋጭ ኾነ። ዛሬ የሚሠራው አዙኪ ከተባለ ቀይ ጥራጥሬ፥ ከስኳርና ከባሕር ሣር ተቀቅሎ ከሚወጣ ማርጊያ ነው። ወተት፥ ቅቤ፥ እንቍላል የለበትም። ጃፓኖች ጣፋጩን አስቀድመው ይበሉና መራራውን አረንጓዴ ሻይ፥ ማቻን፥ ያስከትላሉ። እኛ ግን ስኳር ከበዛበት ባለቀረፋ ሻያችን ጋራ ብንሞክረው ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ኾነብን፤ ሻዩን ያለ ስኳር ስንጠጣው ተስማማ። የጃፓን ስለ ኾነ ብቻ ኹሉ ጾም እንዳይመስላችኹ፤ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ወደ ናጋሳኪ ያመጡት ካስቴላ የተባለው ኬክ መሠረቱ እንቍላል ነው።

ከምዕራብ እስያ ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራው ሐላዋ አለ። የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን በዐቢይ ጾም ይበሉታል፤ ለእኛም ሻይ ከኹሉ ይልቅ የቀለለን እርሱ ነው፥ ጥቂት ከተቈረሰ። በእሽጉ ላይ የወተት ዱቄት የሚል ቃል አለመኖሩን ግን ማንበብ ያሻል።

የዘመዳችን ሣጥን ሐሙስ ጧት ተከፈተ። እናታችን ሁለት ከበሉ በኋላ፥ ስኳሩ በዛ እንጂ መልካም ነው አሉ።