ለካባችን የትኛው ወንፊት ይሻላል?

የጤፍ ወንፊት ለባቄላ አይሆንም። ይህን ማንም ገበሬ ያውቃል። የካባ ድንጋይ መለያም እንዲሁ ነው። በሞተር የሚንቀጠቀጥ ወንፊት ይባላል። ሲርገፈገፍ ደቃቁ በቀዳዳው ይወርዳል፤ ትልቁ ከላይ እየተንከባለለ ይወጣል።

ድንጋይ ለምን ይለያል? አፈር የተቀላቀለበት ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር በደንብ አይያያዝም። የውሃ ጉድጓዱ ክዳን፣ የትምህርት ቤቱ ምሰሶ ይደክማል። ጉዳቱ የሰው ሕይወት ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ።

1ኛ/ ስንት ዓይነት እንሸጣለን? ባለ 1 ደርብ ወንፊት 2 ዓይነት ይለያል። ባለ 2 ደርብ 3፣ ባለ 3 ደርብ 4 ዓይነት ይለያል። አሸዋና ጠጠር ብቻ የሚሸጥ ማኅበር 3 ደርብ ምን ያደርግለታል?

2ኛ/ ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን? አሸዋና ጠጠር የሚለዩት 5 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው። ለአርማታ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጠጠር እስከ 20 ሚሊሜትር ያለው ነው። ወንፊቱ ዘንበል ሲል ቀዳዳው ለሚወርደው ድንጋይ ይጠባል። ስለዚህ ከሚፈለገው ልክ ትንሽ ሰፋ ይደረግ።

3ኛ/ ድንጋዩ ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ አለው? ጭቃ ቀዳዳ ይደፍናል። ውሃ ካለ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ያለው ወንፊት ይሻላል። ውሃ ከሌለ ከካባው ላይ አፈሩን አስቀድሞ መግፈፍ ነው።

4ኛ/ ስፋቱና ርዝመቱስ? የሰፋ ወንፊት ብዙ ይጭናል፤ የረዘመ አጥርቶ ይለያል። ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ደቃቁ ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ከትልቁ ጋር ይወጣል። ሰፌድ ላይ እህል ቢቆለል ይንገዋለላል እንዴ?

የሽቦ ወንፊት ዋጋው ቀላል፣ ቀዳዳውም ብዙ ነው፤ ግን ቶሎ ይበላል። የጎማው ውድ ነው፤ ግን ይቆያል።

ሥራው ትንሽ ከሆነ ሞተር አያስፈልግም። ዘንበል ተደርጎ የቆመ የሽቦ ወንፊትና አካፋ ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀዳዳ ሲደፈን ሞተሩ ሳይቆም እጅ አይገባም!

ሻጩ ዕቃውን ቢያሞግስም ዝም ብላችሁ አትግዙ። ከካባችሁ ጥቂት ጆንያ ወስዳችሁ ዓይናችሁ እያየ ይሞከር። የወጣውን በሜትር ለኩት፤ ቁጥሩን በደብተር ጻፉት፤ በስብሰባም አንብቡት። የማኅበር ገንዘብ የሁሉም ላብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!